የ«ፕሬስተር ጆን» ካርታ ልገዛ ነው፤ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

የቨርጂኒያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የድሮ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ አየሁና እግሬ አልሄድ አለኝ። በላቲን ስለ አቢሲኒያና ስለ ፕሬስተር ጆን (የድሮ አውሮፓውያን የኛን ንጉሥ የሚጠሩበት ስም) ይላል። ሻጩ «ኦርቴሊየስ የሚባል የድሮ ካርታ ሠሪ ሥራ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1573» አለኝና 400 ዶላር ጠየቀኝ። ቸኩዬ 50 ዶላር ቀብድ ሰጠሁት። ስለ ካርታ ምንም አላውቅም፤ ግን የአገሬን ስም ከ400 ዓመት በላይ ባለው ወረቀት ላይ ማየት ሌላ ነገር ነው። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ።

ወረቀትና ቀለም
እህቴ፣ ቀሪውን ብር ከመክፈልሽ በፊት ካርታው ከፍሬሙ ይውጣልሽ። ሻጩ እምቢ ካለ ጥለሽው ሂጂ።

መጀመሪያ ጀርባውን እዪ። የኦርቴሊየስ ካርታዎች የአትላስ (የካርታ መጽሐፍ) ገጾች ነበሩ፤ ጀርባቸው ላይ ጽሑፍና የገጽ ቁጥር አለ። አትላሱ በላቲን ብቻ ሳይሆን በደች፣ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በስፓኒሽ፣ በጣሊያን፣ በእንግሊዝኛም ስለታተመ ቋንቋውና የገጹ ቁጥር የትኛው እትም እንደሆነ ይነግሩሻል። ባዶ ከሆነ ተጠራጠሪ። ደግሞ 1573 ይህ ካርታ መጀመሪያ አትላሱ ውስጥ የገባበት ዓመት ነው፤ አትላሱ እስከ 1612 ሲታተም ስለኖረ ያንቺ ወረቀት የግድ የ1573 ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር ያዢ። ያኔ ካርታ የሚታተመው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ነው፤ መስመሩ ጥርት ያለና ያልተቆራረጠ ነው። ትንንሽ ባለቀለም ነጠብጣቦች ካየሽ የዘመናችን ማተሚያ ሥራ ነው፣ አለቀ። በሥዕሉ ዙሪያ የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ስርጉድ ያለ ጠርዝም መኖር አለበት (አንዳንዴ ኅዳጉ ተቆርጦ ይጠፋል)። ወረቀቱን ወደ መብራት ስታነሺው ውስጡ ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ በወንፊት የተሠራ የእጅ ወረቀት ስለሆነ ነው። መጠኑም 37 በ44 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለክተሽ እዪው።

ከየት እንዳገኘውም ጠይቂው። በ2005 ዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተያዘ አንድ የካርታ ነጋዴ ከተለያዩ ቦታዎች 97 ካርታ መስረቁን አምኗል።

የደምበጫው
ወረቀቱን በተመለከተ ከላይ ያለው ወንድማችን ጨርሶታል። እኔ የምወደው ስሞቹን ማንበብ ነው። ባርናጋሶ የሚለው ባሕር ነጋሽ ነው። ትግሬማሆን ትግሬ መኮንን፣ ባጋሚድሪ ቤጌምድር። ፖርቹጋላዊው አልቫሬዝ በ1520 መጥቶ የሰማውን ጻፈ፣ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ደግሞ ከእሱ ወሰዱ፣ ሹመቱንም አገር አድርገው ቁጭ! አማራ ተራራ የሚልም አለ፤ የፕሬስተር ጆን ልጆች በጥበቃ የሚኖሩበት ነው ብለው ጽፈዋል። አምባ ግሸን ማለት ነው።

አባ ጎርጎርዮስን ያላነበበ
ኦርቴሊየስ ያምራል፣ ግን አገራችንን ከምድር ወገብ በታች ድረስ ለጥጦ፣ የዓባይንም ምንጭ እዚያው ሩቅ ደቡብ ካሉ ሁለት ሐይቆች አውጥቶ ነው የሣለው። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፓኤዝ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ገንዘብሽን ለሉዶልፍ የ1683 ካርታ አጠራቅሚ። ሉዶልፍ ጀርመናዊ ምሁር ነው፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ግን መምህሩ የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1649 ሮም ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር እስከ ጎታ ድረስ ሄደው አገራቸውን አስረዱት። አባ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ አረፉ፤ ካርታውን አላዩትም። እኔ ያንን ካርታ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ፣ ጠረጴዛ ዳር ቁጭ ብሎ «ጎጃም እዚህ ጋ ነው፣ ዓባይ እንዲህ ዞሮ ነው የሚሄደው» የሚል ያገሬ መነኩሴ ነው።

ወረቀትና ቀለም
እውነት ነው። የትኛውንም ብትገዢ ግን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቂው፣ ፕላስተር እንዳትለጥፊበት፣ ላሚኔት እንዳታስደርጊው። በድሮው አረንጓዴ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ ወረቀቱን ያቃጥለዋል፣ ቡናማ ሆኖ ሲሰነጠቅ ካየሽ ወደ ወረቀት ጠጋኝ ባለሙያ ውሰጂው።

የቨርጂኒያዋ
ዛሬ ሄጄ አስከፈትኩት። ጀርባው ነጭ፣ ባዶ። በማጉያ ሳየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሻጩ ራሱም ደንግጦ ቀብዴን መለሰልኝ። ከልቤ አዝኜ ነበር፤ ማታ ግን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ካርታዎች በነፃ ከፍቼ ከልጄ ጋር ባጋሚድሪን ስንፈልግ አመሸን። ለሉዶልፉ ከዚህ ወር ጀምሮ ብር ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። የደምበጫው፣ «ፋቲጋር» የሚለው የድሮው ግዛት ፈጠጋር ነው አይደል?