ቤታችን ተቃጠለ፤ ሞጁላር እናስመጣ ወይስ እዚያው እናስገንባ?

ሎሚዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ አንብቤ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ አልታዲና ነው ቤታችን፤ ነበር ልበል። የኢተን እሳት ከበላቸው ከ9,000 በላይ ሕንፃዎች አንዱ የእኛ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 7፣ 2025፣ የገና ዕለት። እሳቱ የተነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ እኛ ያኔ እንግዳ እየሸኘን ነበር። ከሌክ ጎዳና በስተምዕራብ ስለሆንን የ"ውጡ" ትእዛዝ የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ልተወው። የሐበሻ ቀሚሴን እንደለበስኩ ወጣሁ። ስንመለስ ቤት የለም። ትተናት የሄድናት መኪና ቸርኬዋ ቀልጦ፣ እንደ ውሃ ወርዶ፣ መግቢያው ላይ ደርቋል። አንዱን ቁራጭ አንስቼ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አመዱ ተጠርጓል፣ የላይኛው አፈርም ተፍቆ ተወስዷል። አሁን ባዶ መሬት ነው ያለን። ባለቤቴ ኮንትራክተር ይዘን እንደ ድሮው እንገንባ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው ሞጁላር ቤት ልቤ ውስጥ ገብቷል። "ቤት በመኪና ተጭኖ ይመጣል?" እያለ ይስቅብኛል። አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ ብነግራት ደግሞ "ኮንቴይነር ውስጥ ልትገቡ ነው እንዴ?" አለችኝ። የሰፈራችንን ሱቅ አስባ ነው።

ሻጩ "ይሄ ቤት እሳት አይነካውም" ብሎኛል። እውነት ነው? ኢንሹራንሱስ እንዴት ነው የሚከፍለው? መንገዳችን ጠባብ ነው፣ ትልልቅ ዛፍም አለበት፤ ያም ያሳስበኛል።

ባለሜትሩ፦

እህቴ፣ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈች። ሳክራሜንቶ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ የቤት ፕላን ማየት ነው።

"እሳት አይነካውም" ያለሽ ሰው ድጋሚ ከደወለ አታንሺለት። ሞጁላር የሚለው ቃል ቤቱ የት እንደተሠራ እንጂ ከምን እንደተሠራ አይነግርሽም። አብዛኛው ውስጡ እንጨት ነው፤ የተቃጠለው ቤትሽም እንጨት ነበር። ደግሞ ማኑፋክቸርድ ሆም ከሚሉት ጋር እንዳያምታቱብሽ። ያኛው ከነብረት ሻሲው የሚመጣ፣ በፌዴራል ኮድ የሚሠራ ነው። ሞጁላር ግን መሬት ላይ እንደሚገነባ ቤት የካሊፎርኒያን የግንባታ ኮድ ማሟላት አለበት። ፋብሪካው ውስጥ እያለ ይመረመራል፣ የስቴቱ ምልክት ይለጠፍበታል። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የሚያየው መሠረቱን፣ የውሃና የመብራት መስመሩን፣ ግቢውን ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። ሰው እሳት እንደ ጎርፍ መጥቶ ቤት የሚውጥ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ቤት የሚያቃጥለው ነፋስ ይዞት የሚመጣ ፍም ነው። ጥፍር የምታክል ፍም ጣሪያ ሥር ባለችው የአየር ቀዳዳ ትገባለች። ቆጡ ላይ አቧራና የደረቀ ቅጠል ታገኛለች። ቤቱ ከውስጥ ይያያዛል፣ ውጭ የቆመ ሰው ጭስ እስኪያይ ድረስ አያውቅም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ግድግዳው ቀለም አትጠይቂው። የቀዳዳው ወንፊት ስንት ሚሊሜትር ነው በይው። ኮዱ ከ1.6 እስከ 3.2 ይላል፣ ፍም እንዳያሳልፍ የተፈተነ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ጣሪያው ክላስ ኤ፣ ማለትም እሳት በመቋቋም ከፍተኛው ደረጃ፣ መሆን አለበት። መስኮቱ ድርብ ሆኖ ቢያንስ አንዱ መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን። አሸንዳው ቅጠል የማይጠራቀምበት ይሁን።

አንድ የሞጁላር ብቻ የሆነ ነገር አለ። ለየብቻ ተጭነው የሚመጡት ሁለቱ የቤቱ ግማሾች ሲጋጠሙ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል። በደንብ ካልተደፈነ እሳት በዚያ ውስጥ እንደ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ማን ይደፍነዋል፣ ፋብሪካው ነው ወይስ እዚያ የሚገጥመው? ውሉ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥልሽ። እኔ ባየኋቸው ፕላኖች ሁለቱም ወገን ሌላው የሚሠራው ይመስለዋል።

ከግድግዳው አምስት ጫማ ውስጥ ደግሞ ምንም የሚነድ ነገር አይኑር። ጽድ የለ፣ የእንጨት ቅርፊት የለ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት አጥር የለ። አጥሩ ነው ብዙ ጊዜ እሳቱን እጁን ይዞ በር ድረስ የሚያመጣው።

ኮዱ ዋጋ የለውም ለሚል ሰው የሰሜን ካሊፎርኒያዋን ከተማ ፓራዳይዝን ልጥቀስለት። 2018 ላይ ካምፕ ፋየር የሚባለው እሳት ከተማዋን ሲያጠፋት ከ2008 በኋላ በአዲሱ ኮድ ከተሠሩት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ሳይነኩ ቆመዋል። ከዚያ በፊት ከተሠሩት ግን ከአምስት አንድ እንኳ አልሞላም።

ቆራጡ፦

ምን ያደክማችኋል? በብሎኬት ሥሩ በቃ! እኛ አገር ቤት በብሎኬት ይሠራል፣ ሰፈር ሲቃጠል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለሜትሩ፦

ወንድሜ፣ አልታዲና ተራራው ሥር ነው፣ የሲየራ ማድሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቅ እዚያው ነው የሚያልፈው። ብረት የሌለበት ብሎኬት መሬት ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱን ይቀብራል። ብረት ገብቶበት፣ ኮንክሪት ተሞልቶ ይሠራል፣ ጥሩም ነው። ግን ጣሪያውና የአየር ቀዳዳው ያው ናቸው። ሰፈር ተቃጥሎ አያውቅም ያልከውን ደግሞ መርካቶ ሄደህ ንገራቸው።

ሰብሊ ዴንቨር፦

እትዬ፣ እኔ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ልንገርዎት። እዚህ ኮሎራዶ በዲሴምበር 30፣ 2021 ማርሻል ፋየር የሚባለው እሳት ከ1,000 በላይ ቤት በልቷል። አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ ሉዊቪል ከተማ ያለው ቤቷ ተቃጥሎ ሞጁላር አዘዘች። ፋብሪካው ገና ሥራ ሳይጀምር ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃት፣ ሰጠች። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ስልክ የለ፣ ሰው የለ። ከገንዘቧ የተመለሰላት ጥቂቱ ነው።

ችግሩ ባንክና ኢንሹራንስ ብር የሚለቁት መሬትዎ ላይ ሥራ ሲታይ ነው፤ ሞጁላር ደግሞ ወራት ሙሉ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱንም ይጠይቋቸው፣ መልሱንም በኢሜይል ይቀበሉ። ቅድሚያ ክፍያው በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ። ፋብሪካው እምቢ ካለ እኔ ብሆን ጥዬ እወጣለሁ። ቤትዎ እስኪሠራ ኢንሹራንሱ የሚከፍልልዎትን የኪራይ ገንዘብም ቀን ይቁጠሩ። ካሊፎርኒያ የአስቸኳይ ጊዜ ለታወጀበት አደጋ ቢያንስ 24 ወር፣ ከእርስዎ አቅም ውጭ ከዘገየ እስከ 36 ወር ይፈቅዳል፤ የኢንሹራንስ ውሉ የፈቀደው ገንዘብ ቀድሞ ካለቀ ግን ያው አለቀ ነው። የሞጁላር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። መሠረቱ መሬትዎ ላይ እየተቆፈረ ቤቱ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል።

ሹፌሩ፦

እህቴ ሰፊ ጭነት የምጭን ሰው ነኝ። አንዱ ክፍል ከ12 እስከ 16 ጫማ ስፋት ሊኖረው ይችላል፣ ፊትና ኋላ አጃቢ መኪና ይዞ ነው የሚመጣው። ቀጥ ያለ መንገድ ቀላል ነው። ሰው የሚያስለቅሰው የመጨረሻው ኩርባ ነው። ሜትር ይዘሽ ውጪና ኩርባው ላይ የመንገዱን ስፋት፣ የዛፉን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ፣ የመብራቱን ሽቦ ከፍታ ለኪ። ክሬን የሚቆምበት ቦታም ያስፈልጋል። አልታዲና ውስጥ አንዳንዱ መንገድ ላይ ዛፎቹ ከሁለት በኩል ተቃቅፈዋል፤ እዚያ ጠባብና ዝቅ ያሉ ክፍሎች ይሻላሉ። ፎቶ ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።

ሎሚዬ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባለሜትሩን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ አጥሩ ስደርስ ዝም አለ። ከጎረቤታችን ጋር የሚያዋስነንን የእንጨት አጥር በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነው፣ ልክ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር የሚያልቀው።

ትናንት ሜትር ይዘን ወጣን። ኩርባው ላይ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ያዝን። 19 ጫማ። "ለኮንቴይነርሽ ይበቃል" አለኝ። አንድ የዋርካ ያህል የሰፋ ዛፍ ግን ክንዱን መንገዱ ላይ ዘርግቷል፣ ሹፌሩ፣ ፎቶውን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ኢንሹራንሱም ጥያቄዬ በኢሜይል ደርሶታል፣ እስካሁን መልስ የለም። ማክሰኞ ፋብሪካውን ልናይ እንሄዳለን። ሚሊሜትር የሚለካ ማስመሪያ ይዣለሁ።