ለሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ የምናቀርበው የጋራ ጥያቄ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው የተባለውን አሰባስቤ ረቂቁን ልኬላችኋለሁ። ጊዜ የለንም። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ በጀቱን በዲሴምበር ያቀርባል፣ ቦርዱ በፌብሩዋሪ ያጸድቃል፣ የካውንቲው ምክር ቤት በሜይ ይቋጨዋል። ከገና በፊት ካላስገባን ለከርሞ ነው። ረቂቁ ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቱ ገጽ በፌደራሉ መንግሥት ላይ የቀረበ ወቀሳ ሲሆን ከቦርዱ የምንፈልገው ነገር ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። እኔን ይህ አልጣመኝም። እናንተስ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ እነዚያን ሁለት ገጾች አልፈርምም። ድምፄን ለትራምፕ እንደሰጠሁ ደብቄ አላውቅም። «ትምህርት ወደ ግዛቶች ይመለስ፣ ወላጅ ሥልጣን ይኑረው» ሲባል ልክ ነው ብያለሁ፤ ሐሳቡን ዛሬም አልጠላውም። ማኅበሩ የወላጆች ነው፣ የፓርቲ አይደለም።

የኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት) አስተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ሐሳቡን አልነቅፍብህም። ግን ወደ ግዛት የተመለሰው ምንድን ነው? ልጆቻችን የሚማሩትን ዋሽንግተን ወስና አታውቅም፤ ሥርዓተ ትምህርት እንዳታዝ ሕጉ ራሱ ይከለክላታል። ከትምህርት ወጪው የፌደራሉ ድርሻም አንድ አስረኛ ገደማ ነው። የዋሽንግተን ዋና ሥራ ለድሃ፣ ለአካል ጉዳተኛና እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ድጎማ መስጠትና ሕጉ መከበሩን መከታተል ነበር። የተነካው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ከ4,100 በላይ የነበረው የፌደራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ወደ 2,200 ገደማ እንዲወርድ ተወሰነ። የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው ክፍል ባዶውን ቀረ ማለት ይቻላል። ከ12ቱ የሲቪል መብቶች ቢሮዎች 7ቱ እንዲዘጉ ተደረገ፤ አንዱ የፊላደልፊያው ነው። የሜሪላንድ ወላጅ አቤቱታ የሚታየው እዚያ ነበር! ለወላጅ ሥልጣን እንሰጣለን ብሎ ወላጁ አቤት የሚልበትን ቢሮ መዝጋት፣ ጩኸቴን ቀሙኝ ማለት ይኸው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የጁላይ 2025ቱን ነገር ግን ከረቂቁ እንዳታወጡብኝ። ኮንግረስ ያጸደቀው፣ ጁላይ 1 ለግዛቶች መለቀቅ የነበረበት ወደ 6.8 ቢሊዮን ዶላር በዋዜማው «እየተገመገመ ነው» ተብሎ ተያዘ። ከዚያ ውስጥ 890 ሚሊዮን ያህሉ ታይትል ስሪ የሚባለው፣ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚውለው ነው። ከ20 በላይ ግዛቶች ከሰሱ፤ ከራሱ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ 10 ሴናተሮች ይለቀቅ ብለው ጻፉ፤ ጁላይ 25 የቀረው ይለቀቃል ተባለ። «ታዲያ ገንዘቡ መጣ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። መጣ። ነገር ግን ጁላይ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የሚቀጥሩበት ወር ነው። ገንዘቡ ይምጣ አይምጣ የማያውቅ ኃላፊ ሰው አይቀጥርም። ስለዚህ ቦርዱን የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ የፌደራሉ ገንዘብ ቢዘገይ የኢሶል አስተማሪና የአስተርጓሚ ደመወዝ የሚሸፈንበት መጠባበቂያ በበጀቱ ውስጥ ይያዝ። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ተጨማሪ ገንዘብ ስለምትመድብ ከዜሮ አንጀምርም።

(ደግሞ በኖቬምበር 2025 የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራሞችን ማስተዳደር ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ይሂድ ተብሏል። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከሠራተኛ ሚኒስቴር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የገባው ካለ ይንገረኝ።)

ጠበቃው፦ አንድ ነገር ይለይ። ሕጉ አልተሻረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በላው ጉዳይ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ልጆች ሲከሱ፣ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ እንደ ሌላው ያው መጽሐፍና ያው አስተማሪ መስጠት እኩልነት አይባልም ብሏል። በዚያው ዓመት ኮንግረስም ሕግ አወጣ። ሚኒስቴሩን ራሱን ከኮንግረስ በቀር ማንም ሊዘጋው አይችልም። ሬገንም ሊዘጋው ዝቶ ነበር፤ አልሆነለትም።

የተሻረው የ2015ቱ መመሪያ ነው። የፍትሕና የትምህርት ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት 40 ገጽ ያህል ደብዳቤ ነበር፤ በኦገስት 2025 ያለ ብዙ ወሬ ተሰረዘ። ሕጉ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለትምህርት ቤቶች የሚያብራራው እሱ ነበር፦ ልጁ እንዴት እንደሚለይ፣ ከፕሮግራሙ መቼ እንደሚወጣ፣ ለወላጅ በምን ቋንቋ እንደሚነገር። በተለይ ትምህርት ቤት ለማስተርጎም በተማሪው፣ በወንድምና እህቱ ወይም በጓደኛ መጠቀም የለበትም ይል ነበር። የእኔ ሐሳብ ይህን አንቀጽ በአንቀጽ ወስደን ቦርዱ የራሱ ደንብ አድርጎ እንዲያጸድቀው እንጠይቅ ነው። ዋሽንግተን የጣለችውን ሮክቪል፣ የቦርዱ መቀመጫ፣ ታንሳው። ያኔ ዋይት ሐውስ ማንም ቢገባ ደንቡ የኛው ካውንቲ ነው።

አባትየው፦ ይኼማ የግዛትና የካውንቲ ሥልጣን አይደለም እንዴ? እፈርማለሁ። ግን «ፖፑሊስት» የምትለዋ ቃል ትውጣ።

አስተማሪዋ፦ ትውጣ። ቀኑና ቁጥሩ ይበቃል። ስለ ትርጉም አንድ ነገር ልጨምር፤ ካውንቲው ወረቀቱን በአማርኛ ያወጣል፣ በዚህ ከብዙ ቦታ ይሻላል። ችግሩ ያለው ስብሰባ ላይ ነው፤ በተለይ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚደረገው የአይኢፒ (የልጁ የግል ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ። እዚያ ቤት የሚነገረውን እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ወላጅ እንኳ በቀላሉ አይከታተለውም።

አንዲት እናት፦ እኔ በሌላ ግዛት ሳለሁ ልጄ ስለ ራሱ ድክመት ለኔ እንዲያስተረጉም ተደርጓል። የአስር ዓመት ልጅ። ግማሹን እንደዋጠው ገብቶኛል፤ እኔም አልፈርድበትም። ሌላ ጥያቄ አለኝ። በጃንዋሪ 2025 ትምህርት ቤት አካባቢ ሰው እንዳይያዝ የሚገድበው የኢሚግሬሽን መመሪያ ከተነሳ ወዲህ አድራሻ መስጠት የሚፈሩ እናቶች አሉ። የትርፍ ሰዓት ትምህርት ቅጽ ጭምር አይሞሉም። ይህንን አናነሳም?

ጠበቃው፦ እናንሳ እንጂ፣ እህቴ፤ ቃሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1982 በፕላይለር ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ወረቀት የሌለው ልጅም ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም ተብሏል። የምንጠይቀው ትምህርት ቤት የመኖሪያ ፈቃድን እንዳይጠይቅና ይህንንም በአማርኛ ለወላጅ እንዲያስታውቅ ነው። ከዚህ አልፈን «ማንም አይነካችሁም» ብንል ዋሽተናል።

ሊቀመንበር፦ እንግዲህ ወቀሳው ወደ አንድ አንቀጽ ይውረድ፤ መጠባበቂያው፣ የትርጉሙ ደንብና የማስታወቂያው ጉዳይ ሁለቱን ገጽ ይያዙ። በቨርጂኒያ ያሉት የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ አባሎቻችን ቦርዳቸው ሌላ፣ የግዛታቸውም ሕግ ሌላ ስለሆነ የትርጉሙን ክፍል ብቻ ወስደው ለየራሳቸው ያመቻቹት። ቦርዱ ፊት ቀርቦ የሚናገር ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። አባትየው አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የማይጠበቅ ሰው ሲናገር ይደመጣል።

አባትየው፦ እሺ፣ ጋሼ። የመጠባበቂያውን እኔ እናገራለሁ።

እናትየዋ፦ በአማርኛ መናገር የሚቻል ከሆነ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። አስተርጓሚ ያቀርባሉ ወይ?

ጸሐፊ፦ ነገ ደውዬ እጠይቅና እዚሁ እመልሳለሁ። የተስተካከለውን ረቂቅ ሐሙስ እልካለሁ፤ እስከ እሑድ ማታ ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል።