አስቸኳይ! የፍየል ወተት ፒሲአር ባዶ እየወጣብኝ ነው

የአይጠየፏ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ እርዱኝ። ባቲ አካባቢ ከጨነገፉ ፍየሎች ወተት አምጥቼ ብሩሴላን (ፍየልንም ሰውንም የሚይዝ፣ የሚያስጨነግፍ ጀርም) በፒሲአር፣ ማለት ዲኤንኤውን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ እየፈለግኩ ነው። 12 ናሙና ነው። ውጤቱ በመስመር በሚታይበት ጄል ላይ ምንም የለም። ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ (ብሩሴላ እንዳለበት የታወቀው ማነጻጸሪያ) ግን 223 ቤዝ ፔር ላይ፣ በሚጠበቀው የዲኤንኤ ርዝመት፣ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። የቀረኝ ኪት ለአንድ ዙር ብቻ ነው። ሰኞ አማካሪዬ ውጤት ይጠብቃል። ፕራይመሩ (ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) ተበላሽቶ ይሆን?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ። ፕራይመሩ ቢበላሽ ፖዘቲቩም አይወጣም ነበር። ዲኤንኤውን 1 ለ10 በርዘሽ ሞክሪ፤ ፒሲአሩን የሚያግድ ነገር ካለ ይሳሳል።

ቦርከና፦
ከሥሩ እንየው። ኬሪ ሙሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ፒሲአርን ሲያስበው ነገሩ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝና ማባዛት ነበር። አባዢው ኢንዛይም ግን ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። ወተት ደግሞ በካልሲየም የተሞላ ነው። ካልሲየሙ የማግኒዥየሙን ቦታ ይሻማል፤ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል። ቅባቱና ፕሮቲኑም ያግዙታል። ዲኤንኤውን እንዴት ነው ያወጣሽው?

የአይጠየፏ፦
ሴንትሪፊዩጅ አደረግኩት፣ በፍጥነት አሽከርክሬ ለየሁት። ስልባቦቱን ደፍቼ ዝቃጩን ወሰድኩ።

የባቲ ልጅ፦
ስልባቦቱን ደፋሽው? ውይ! ብሩሴላ እኮ ከቅባቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ለካልቸር (ጀርሙን ለማሳደግ) እንኳ ስልባቦቱም ዝቃጩም ነው የሚዘራው። ለሰኞው አትጨነቂ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አማካሪሽንም ፍየል ሲገዙ ታገኛቸዋለሽ 😄

ኩታበር፦
እኔ አልስማማም። ላብራቶሪው ተሳስቷል ያለው ማነው? የጨነገፈች ፍየል ሁሉ ብሩሴላ የለባትም። ክላሚዲያም ቶክሶፕላዝማም ያስጨነግፋሉ። ያለባትም ብትሆን ሁልጊዜ በወተቷ አታወጣውም። የእንግዴ ልጅ ብትወስጂ ይሻል ነበር። ለመሆኑ የደም ምርመራው፣ ሮዝ ቤንጋል፣ ተሠርቷል?

የአይጠየፏ፦
አዎ፣ 4ቱ ፖዘቲቭ ናቸው። መጻፉን ረሳሁት።

ኩታበር፦
እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር! ሮዝ ቤንጋል የሚያየው ፀረ እንግዳ አካሉን ነው፣ ጀርሙን አይደለም። ቢሆንም ከ4ቱ ሁሉም ባዶ መሆናቸው እኔንም ያጠራጥረኛል።

ጦሳ ሥር፦
1 ለ10 ብያለሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ጣልቃ ልግባ። እኔ የምሠራው ምግብ አለርጂ ላይ ነው። ለሰሊጥ ፒሲአር እንጠቀማለን፤ ለወተት ግን ፕሮቲን የሚለየው ምርመራ፣ ኤላይዛ፣ ነው። አለርጂውን የሚያስነሳው ፕሮቲኑ ነው፤ በዲኤንኤ ብቻ ደግሞ የላም ወተትን ከበሬ ሥጋ መለየት አይቻልም። አንቺን የሚጠቅምሽ ይሄ ነው፦ ቸኮሌት ውስጥ ሰሊጥ ፈልገን ባዶ ሲወጣ እንዲሁ አናምነውም፤ ቸኮሌትም ፒሲአርን ያግዳል። ከናሙናው የወጣው ዲኤንኤ ላይ ትንሽ ፖዘቲቭ ኮንትሮል ጠብ እናደርግና እንደገና እናሠራዋለን። ጄሉ ላይ መስመሩ ከወጣ የታገደ ነገር የለም። ከጠፋ ግን ባዶው ውጤት ዋጋ የለውም። የአንቺ ፖዘቲቭ የሠራው ንጹሕ ዲኤንኤ ስለሆነ ነው፤ ስለ ወተቱ ምንም አይነግርሽም።

ኪቱን 12ቱ ላይ አትጨርሺው። በሮዝ ቤንጋል ፖዘቲቭ ከሆኑት 2 ምረጪ። እያንዳንዱን እንዳለ፣ 1 ለ10 ተበርዞ፣ ኮንትሮል ተጨምሮበት አሠሪው። ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ካለሽ ጨምሪ፤ የሚያግዱትን ነገሮች ይይዝልሻል። ፖዘቲቩን መጨረሻ ላይ ክፈቺ፣ ቱቦዎቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ። ካልሆነ ሌሎቹን ይበክልብሻል።

ቦርከና፦
ይሄ ትክክለኛ መልስ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ለባለቤቶቹ ተነግሯቸዋል? ወተቱን አፍልተው ይጠጡ። 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ጀርሙ ይሞታል፤ ቤት ውስጥ ግን ገንፍሎ ይፍላ። የጨነገፈውንም በባዶ እጅ አይንኩ። አንቺም ካልቸር እንዳትሞክሪ፤ ብሩሴላ ላብራቶሪ ውስጥ በትንፋሽ ይይዛል።

የአይጠየፏ፦
ሐይቅ ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮንትሮል ጠብ ያደረግኩባቸው ሁለቱም ላይ መስመሩ ጠፋ! በ1 ለ10 ግን አንዷ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር 223 ላይ ይታየኛል። ኔጋቲቭ ኮንትሮሉ (ዲኤንኤ የሌለበት ማነጻጸሪያ) ባዶ ነው። ስልባቦቱ ያልተደፋ ወተት ፍሪዘር ውስጥ አለኝ፤ ነገ ከእሱ እጀምራለሁ። ጦሳ ሥር፣ አንተም ትክክል ነበርክ። ለባለቤቶቹ አሁን ደወልኩ። እስከ ዛሬ ጥሬውን ነበር የሚጠጡት።

ቦርከና፦
ትኩሳት የሚመላለስበት፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው አለ ወይ? ካለ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብለው እንዳይቀመጡ። ጤና ጣቢያ ሄደው ፍየሎቹ እንደጨነገፉ ይናገሩ። መልሰሽ ደውይላቸው፣ ዛሬውኑ።