አልኮልና አደንዛዥ ዕፅን የሚመለከት የተማሪዎች ደንብ ስንከልስ እርከኑን በምን እንከፋፍል?

ረቂቅ_ክለሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ስነ ምግባር ደንብ እየከለስን ነው። አሁን ያለው አንቀጽ «አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ይዞ፣ ተጠቅሞ ወይም አከፋፍሎ የተገኘ ተማሪ እስከ መባረር በሚደርስ ቅጣት ይቀጣል» ብሎ ያበቃል። ዶርሙ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ቢራ የተገኘበትም፣ ክኒን የሚሸጠውም የሚከሰሱት በዚሁ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በሰብሳቢው አመለካከት ይወሰናል። ሥራውን የምታውቁት እርዱኝ። እርከኑን በምን እንከፋፍለው? ከፕሮክተሩ (ከዶርም ተቆጣጣሪው) ሪፖርት እስከ ውሳኔው ባለው መንገድ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ላይ ነው? ራሱን ስቶ የተገኘ ተማሪስ መጀመሪያ የማን ጉዳይ ነው፣ የክሊኒክ ወይስ የዲሲፕሊን?

ሰማያዊ_ማህደር፦
በዕፁ ዓይነት ብቻ አትከፋፍሉት፤ ድርጊቱና ያስከተለው ጉዳት ይቅደም። ማንንም ሳይጎዱ መያዝና መጠጣት አንድ እርከን ነው። ሰክሮ መረበሽ ወይም ንብረት ማበላሸት ሁለተኛው ነው። ሰክሮ መንዳት፣ ድብድብ፣ በሰው መጠጥ ውስጥ ሳያውቅ ዕፅ መጨመር ሦስተኛው፣ መሸጥና ማከፋፈል ደግሞ አራተኛው። በሰው መጠጥ ውስጥ ዕፅ መጨመርን ለብቻው አንቀጽ ስጡት። «መጠቀም» ከሚለው ቃል ሥር ከተቀበረ ተጎጂዋ እንደ ተከሳሽ የምትጠራበት ደንብ ይሆናል።

የመጀመሪያው እርከን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ተማሪ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያግኝ፣ ወደ ክሊኒክም ይላክ። በ12 ወር ውስጥ ከደገመው የሙከራ ጊዜና ተከታታይ ምክር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ የአንድ ሴሚስተር እገዳ። ሦስተኛውና አራተኛው እርከን ግን መሰላሉን አይጠብቁም፤ በቀጥታ ወደ እገዳ ወይም ስንብት ይሄዳሉ፣ ወንጀል የሆነውም ለፖሊስ ይተላለፋል።

ብዙ ኮሚቴዎች ቅጣቱን ባከበዱት ቁጥር የሚሠራ ይመስላቸዋል። የሚሠራው ፈጥኖና ለሁሉም እኩል ሲመጣ ነው። በእጅ ያለው ቅጣት መባረር ብቻ ከሆነ ፕሮክተሩ ጠርሙሱን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ የኮሚቴ አባላትም ልጁን ላለመጉዳት ፋይሉን ያጓትታሉ። በመጨረሻ አምስት ሰው ታልፎ ስድስተኛው ይባረራል፣ እሱም «ለምን እኔ ብቻ?» ሲል መልስ የሚሰጠው አይኖርም።

ሂደቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሪፖርቱ ላይ ነው። «ሰክሮ ነበር» ድምዳሜ እንጂ ምልከታ አይደለም። «ከሌሊቱ 6:20፣ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ንግግሩ ይንተባተባል፤ መታወቂያውን ለማውጣት ሁለቴ ቦርሳውን ጣለ፤ ትንፋሹ አልኮል ይሸታል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ኮሚቴው የሚመዝነው ነገር ያገኛል። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ያየው ሰው ራሱ ጽፎ ይፈርም። ሌላ ሰው የነገረው ካለ ማን እንደነገረው ይገለጽ።

ሁለተኛው ችግር የጋራ ክፍል ነው። አራት ሰው የሚያድርበት ዶርም ውስጥ አንድ ጠርሙስ ተገኘ ብሎ አራቱንም መክሰስ ቀላል ነው፣ ይግባኝ ላይ ግን አይቆምም። ዕቃው የተገኘው በማን ሎከር፣ በማን አልጋ ሥር ነው? ሎከሩ ተቆልፎ ነበር? ቁልፉ ማን ጋ ነበር? በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? ይህ ካልተጻፈ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ማረጋገጥ አይቻልም። ፍተሻው በሁለት ሠራተኞች፣ ተማሪው ባለበት ይካሄድ። የተያዘው ነገር እዚያው ተቆጥሮ፣ ታሽጎ፣ ተፈርሞበት ይውጣ። ዱቄት ወይም ክኒን ከሆነ ማሽተት፣ መቅመስ፣ ሽንት ቤት መድፋት ፈጽሞ አይገባም።

የክስ ደብዳቤው የተጣሰውን አንቀጽ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ቦታውን ይጥቀስ፣ የማስረጃው ቅጂም ይያያዝ። ተማሪው ለመዘጋጀት ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ይሰጠው፣ አንድ አጃቢ ይፈቀድለት። ሪፖርት የጻፈው ሰው ምስክር ይሆናል እንጂ ኮሚቴው ውስጥ አይቀመጥም። የማስረጃ መለኪያችሁንም በግልጽ ጻፉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከተሉት የሚያመዝነውን ማስረጃ (እውነት የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ የሚበልጠውን) ነው፣ ከጥርጣሬ በላይ ማረጋገጥ የወንጀል ፍርድ ቤት መለኪያ ነው። ካልተጻፈ እያንዳንዱ አባል በራሱ ሚዛን ይመዝናል።

ክሊኒክ_ምሽት፦
ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ራሱን የሳተ ተማሪ መጀመሪያ ሕመምተኛ ነው። ይህን ደንቡ ላይ በጉልህ ጻፉት፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ ስልክ ከማንሳታቸው በፊት የሚያስቡት «እንከሰሳለን ወይ?» የሚለውን ነው።

ምልክቶቹን እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ለጥፉ፦ ሲጠሩትና ሲቆነጥጡት አለመንቃት፣ በደቂቃ ከ8 ያነሰ መተንፈስ፣ በአንዱ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ የከንፈር መጥቆር፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ ተኝቶ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ሌሎቹን ሳይጠብቁ አምቡላንስ ይጠራ። በጎኑ ያስተኙት፣ ብቻውን አይተዉት። «ይተኛ፣ ጠዋት ይሻለዋል» የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። ሆድ ውስጥ የቀረው አልኮል መጠጡ ከቆመ በኋላም ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላልና ተኝቶም ሊብስበት ይችላል። ቡናና ቀዝቃዛ ሻወር ምንም አያፋጥኑም፤ ጉበት የሚያጣራው በሰዓት አንድ መደበኛ መጠጥ (አንድ ጠርሙስ ቢራ ገደማ) ያህል ነው።

የተጠረጠረው ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያለ ዕፅ) ከሆነ የእሱን ኃይል የሚቀለብሰው መድኃኒት ናሎክሶን በአፍንጫ ይሰጣል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛ ይደገማል። ቢነቃም ሆስፒታል መሄድ አለበት፣ የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ዕፁ ተመልሶ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። በአልኮል ላይ ግን አይሠራም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የሕክምና ምህረት አንቀጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀምረው ከዚያ በኋላ የእርዳታ ጥሪ ጨምሯል። የጠራው፣ የታመመው፣ እርዳታ እስኪመጣ አብሮ የቆየው ሦስቱም በመያዝና በመጠጣት አይከሰሱም። ድብድብን፣ ሽያጭን፣ ሰው መጠጥ ላይ ዕፅ መጨመርን አይሸፍንም። «ለአንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ገደብ አታስገቡ፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚታመመው ልጅ ነው ይበልጥ አደጋ ላይ ያለው። በምትኩ ከሆስፒታል በተመለሰ በሳምንት ውስጥ ክሊኒክ መምጣቱን ግዴታ አድርጉት።

ክሊኒክ ሲላክ ምን እንደሚደረግም ይታወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል አጠጣጥ መጠይቅ ኦዲት ይባላል፣ 10 ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። እስከ 7 ድረስ ትምህርት ይበቃል። ከ8 እስከ 15 ቀጥተኛ ምክር፣ ከ16 እስከ 19 አጭር ተከታታይ ምክርና ክትትል ይፈልጋል፣ 20ና ከዚያ በላይ ለሱስ ምርመራ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ቤሲክስ የሚባለው የምክር ዘዴ ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ገደማ። ተማሪው የራሱን የአጠጣጥ ልማድ ከእኩዮቹ ትክክለኛ አኃዝ ጋር ያነጻጽራል፤ አብዛኛው ተማሪ እኩዮቹ በእርግጥ ከሚጠጡት በላይ የሚጠጡ ስለሚመስለው ይህ ብቻውን ብዙዎችን ቆም ብለው እንዲያስቡ ያደርጋል። አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ጉዳቱ ማስተማር ግን ብቻውን ባህሪ አይቀይርም፣ ገንዘባችሁን እዚያ አትጨርሱ።

አንድ ነገር አደራ፦ ክሊኒኩ ለኮሚቴው የሚያሳውቀው «መጥቷል፣ ጨርሷል» የሚለውን ብቻ ይሁን። የመጠይቁ መልስ ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ከታወቀ ሁሉም ዜሮ ይሞላል።

ናሙና፦
ሽንት ምርመራን እንደ ማስረጃ ለመጠቀም ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። ፈጣኑ የስትሪፕ ምርመራ መጠርጠሪያ ነው። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን አነቃቂውን ዕፅ አምፌታሚን ሊያስመስል ይችላል፣ የፖፒ ፍሬም ኦፒየት (እንደ ሞርፊን ያለ ዕፅ) ያሳያል። ፖዘቲቭ ውጤት ሁሉ በላብራቶሪ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ (ንጥረ ነገሩን ለይቶ በሚያሳየው ምርመራ) ካልተረጋገጠ ሰው አይቀጡበት። ናሙናው ከተሰጠበት እስከ ተመረመረበት ማን እጅ እንደነበር በፊርማ ካልተመዘገበም ዋጋ የለውም።

ደግሞ ምን እንደሚያረጋግጥ አስቡበት። ካናቢስ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ አልኮል ራሱ ግን በሰዓታት ይጠፋል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ማለት «ትናንት ማታ ዶርም ውስጥ ተጠቅሟል» ማለት አይደለም። ለጥፋቱ ማረጋገጫ ሰማያዊ_ማህደር የጻፈው ዓይነት ሪፖርት ይሻላል።

ረቂቅ_ክለሳ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ለወላጅ ማሳወቅ ግዴታ ይሁን የሚሉ አባላት አሉ። ከውሳኔ በፊት ማገድስ መቼ ይፈቀዳል?

ሰማያዊ_ማህደር፦
ወላጅን በሚመለከት መጀመሪያ የአገራችሁን ሕግ እዩ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ተማሪ የአልኮልና ዕፅ ደንብ ሲጥስ ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ እንዲያሳውቅ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አያስገድድም። እኔ «ግዴታ» የሚለውን አልደግፍም። ቤቱ ውስጥ ዱላ የሚጠብቀው ልጅ አለ፣ ወላጁ ራሱ ጠጪ የሆነበትም አለ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን ወይም እገዳ ሲወሰን ይነገር፣ ተማሪው ግን ቀድሞ ራሱ እንዲደውል ዕድል ይሰጠው።

ቅድመ ውሳኔ እገዳ ልጁ ግቢ ውስጥ መቆየቱ ለሰው ደህንነት ቅርብ አደጋ ከሆነ ብቻ ነው፣ በአብዛኛው ለሽያጭና ለጥቃት። ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱ ይገለጽ፣ ችሎቱም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይቆረጥ፤ ቀነ ገደብ የሌለው ጊዜያዊ እገዳ ያለ ውሳኔ ሴሚስተሩን ያስበላል። ዶርም ማስለቀቅ በቂ ከሆነ ከክፍል አታግዱት። የሚመገብበትና የሚያድርበት ሌላ ቦታ ከሌለው ግን ዶርም ማስለቀቁ ራሱ ከትምህርት ገበታ ማስወጣት ነው፣ ስለዚህ ትእዛዙ ላይ ከመፈረሙ በፊት የት እንደሚያድር ይጠየቅ፣ መልሱም ይጻፍ።