የፓኤዝ ሰሌዳዎች፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ እንዴት አመሻችሁ? ስለ ስፔናዊው የካቶሊክ ቄስ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ የምናስገባውን ፕሮፖዛል እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። ሐሳቡ ሦስት ሰሌዳ ማቆም ነው። አንዱ ጎርጎራ፣ አንዱ እዚሁ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ካለው አሮጌ ግንብ አጠገብ፣ አንዱ ጢስ ዓባይ አላታ ድልድይ። ሦስቱም ላይ «የፓኤዝ ሥራ» ይላል።

አስጎብኚው፦ ድልድዩ ላይ ስሙን አትጻፉ፣ እባካችሁ። ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ የሞተው በ1622 እ.ኤ.አ. ነው። ድልድዩ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1626 አካባቢ፣ በዚያው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። እኔ ራሴ ስንቱን እንግዳ «እሱ ሠራው» ብዬ መልሻለሁ፤ ቆጭቶኛል። የጊዮርጊሱንም «እሱ ሠራው ይባላል» እንበል።

መሐንዲሷ፦ እስማማለሁ። የጎርጎራው ሰሌዳ ግን ሰፋ ይበል። ሰውዬው በ1564 ስፔን ተወለደ። ወደ እኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። እንደገና ሞክሮ በ1603 ገባ። አማርኛውንም ግእዙንም ተማረ። ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ደግሞ መዶሻና መሮ እንዴት እንደሚበጅ ሳይቀር በገዛ እጁ እያሳየ ነው ያሠራው። ሕንጻው ፎቅ ነበር። አገሬው «ቤት ላይ ቤት» አለው። ይቺ ስም በትልቁ ትጻፍልኝ! የዓባይን ምንጭ በ1618 ማየቱ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ጋሼ ግንበኛው፦ ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል። ድንጋዩን የጠረቡት፣ የተሸከሙት ግን የአገር ልጆች ናቸው። ስማቸው ባይገኝ እንኳ «ከአገሬው ሠራተኞች ጋር» የሚል ይግባ። ባለፈው አላታ ስንሄድ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ኖራ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። አልፈረፈረም። ዛሬ በሲሚንቶ የምንገነባው አጥር ሁለት ክረምት ሳያልፈው ይሰነጠቃል። ያንን ኖራ ያቦኩ እጆች ሳይነሱ መቅረት የለባቸውም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል ጋሼ። የሃይማኖቱን ነገር እንለፈው?

አስጎብኚው፦ አይታለፍም። ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረገው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ማንንም ሳንነካ እንጻፈው። ጽሑፉን ቢሮ ከማስገባታችን በፊት ግን የጊዮርጊስ አባቶች ይዩት።

መሐንዲሷ፦ አባቶች ጋ እኔ እሄዳለሁ፣ ጋሼ ከእኔ ጋር ከመጡ።

ጋሼ ግንበኛው፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ማስገባቱን ወደ ሰኞ ገፋሁት። የአላታው ሰሌዳ ስለ ድልድዩና ስለ ኖራው ብቻ ይናገራል። ወደ ጎርጎራ የጀልባ ዋጋ ማን ይጠይቅልናል?

አስጎብኚው፦ ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ነኝ፤ ጠይቄ እጽፍላችኋለሁ።