በረካ የቡና ነው የምርቃት?

ከደሴ፦
ታናሽ ወንድሜ ሰባት ዘፈን እቤት ቀዳ። ስቱዲዮ የለንም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ከማይኩ ጀርባ አጎዛ አንጠለጠለ፣ በቃ። የሚሠራው ሌሊት ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል። ክረምት ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ክራሩን አስቀምጦ ይተኛል።

አልበሙን «በረካ» አለው። የሰሙት ሰዎች ግማሾቹ «የቡና ዘፈን ነው?» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «መንፈሳዊ ነው እንዴ?» አሉ። ስለዚህ ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ። የሌሎቹም ዘፈኖች ርእስ እንዲሁ የቤታችን ቃል ነው። እኔ ታሪካቸውን ልንገራችሁ፣ ትርጉሙን እናንተ አርሙኝ።

ቡና ሦስት ጊዜ ነው የሚጠጣው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱንም ከዐረብኛ የሚያመጧቸው አሉ። አቦል ከ«አወል»፣ ማለትም ከመጀመሪያ፤ ቶና ከ«ሳኒ»፣ ከሁለተኛ። በረካ ግን «ሦስተኛ» ማለት አይደለም። በረከት ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥር ናቸው፣ ሦስተኛው ምርቃት ነው። እኛ ቤት በረካ ሳይቀመስ የሚነሣ እንግዳ የለም። ምርቃቱ እዚያ ላይ ነው ያለው። ውኃ ውኃ ቢልም ይጠጣል።

የዘፈኑ አዝማች እንዲህ ይላል፦

አቦል ቶናን ጠጥታ፣ ብድግ ብላ ሄደች፤
በረካን ከቤቴ ይዛብኝ ነጎደች።

ሰሙ ሦስተኛው ስኒ ነው። ወርቁን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት «ሄደች» የተባለችውን ነው። ሰው ሁሉ ፍቅረኛው ትመስለዋለች። አይደለችም። ታላቅ እህታችን ናት። ዐረብ አገር የሄደች ቀን መኪናው በር ላይ ክላክስ ሲያደርግ ቶናውን ጨልጣ ተነሣች። አያታችን ጀበናውን እንደያዙ ቀሩ። ወንድሜ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር።

ከአዲስ አበባ፦
እህቴ፣ በረካው ገባኝ። እኔን ያከራከረኝ ሦስተኛው ዘፈን ነው። «ትዝ ስትይ» ይላል። ለምን «ሳስታውስሽ» አላለም? አንድ አይደሉም?

ከደሴ፦
እኔም ጠይቄው ነበር። «ሳስታውስሽ ካልኩ ሥራው የኔ ነው» አለኝ። ነገሩን ሳስበው ልጁ እውነቱን ነው። «አስታወስኩ» ሲባል ፈላጊው እኔ ነኝ፤ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ አስታውሳለሁ። «ትዝ አለኝ» ሲባል ግን እኔ ምንም አላደረግሁም። ነገሩ ራሱ መጣብኝ። ትዝታም ከዚሁ ነው የወጣው። ለዚህ ነው «ትዝታዬን ቻልኩት» የሚባለው፤ እንግዳ ነው፣ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሲመጣ ይቻላል። ከ«ትዝብት» ጋር የሚቀላቅሉት አሉ። እሱ ሌላ ነው፣ «ታዘበ» ከሚለው ነው። ምንም እንኳ አንዳንድ ዘመድ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢያመጣም።

አምስተኛው «አብሽር» ነው። ይኼ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። አንድ ሌሊት ሙሉ ሠርቶ፣ ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሴቭ አላደረገም። ሦስት ዘፈን ድምጥማጡ ጠፋ። ልጁ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። አያታችን ለሱብሒ ሶላት ተነሥተው ነበር። በሩን ከፍተው አዩትና «አብሽር» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሄደው ሰገዱ። በማግስቱ ዘፈኑን ጻፈው።

አብሽር ማለት አይዞህ ነው። ግን ልዩነት አለው። «አይዞህ» ሲሉኝ ለችግሩ የምበረታ ይመስለኛል። «አብሽር» ዐረብኛው «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች» ነው። ገና ያልመጣውን ደግ ነገር አስቀድሞ ያበሥራል። የሚገርመኝ ደግሞ እርባታው ነው። ለወንድ አብሽር፣ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ። ዐረብኛውም ልክ እንደዚሁ ነው፣ አማርኛውም እንደዚሁ። እዚህ አገር ሲገባ ልብስ እንኳ አልቀየረም። የሙስሊም ቃል ብቻ ነው የሚል ካለ ደሴ ለቅሶ ቤት ገብቶ ይስማ። ጎረቤታችን ማተብ ያሰሩ እናት ናቸው፤ ከሳቸው በላይ «አብሽሪ» ያለኝ የለም።

ከአዲስ አበባ፦
እሺ፣ «አንቺ ሆዬ» የሚለውስ? እኛ «ሆዬ»ን ወሬ ስናወራ ነው የምናውቀው። «ሌባው ሆዬ አጥር ዘሎ አመለጠ» እንላለን።

ከደሴ፦
ያውም ትንሽ ማሾፍ አለበት። ሌባው ሆዬ ሲባል «ያ ጉደኛ» እንደማለት ነው። መጥሪያው ግን «ሆይ» ነው፤ «ጌታ ሆይ»፣ «ንጉሥ ሆይ»። ለትልቅ ነው፣ ከሩቅ ነው። «ሆዬ» ለኔ ጆሮ የቅርብ ነው፣ እንደ «እማዬ» የለሰለሰ። ቅኝቱም፣ እንደ ባቲና አምባሰል ያለው የዜማ ስልት ማለቴ ነው፣ ከነሙሉ ስሙ «አንቺ ሆዬ ለኔ» ነው።

ከባቲ፦
ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩ። እግዜር ይስጥሽ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ስድስተኛውን ዘፈን «የባቲ ሰኞ» ብሎታል። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ቅኝቱ አምባሰል ነው! በባቲ ስም አምባሰል ይሸጥልኛል?

ከደሴ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉለት። ጥፋቱ የኔም ነው። ታሪኩ የገበያው ነው እንጂ የቅኝቱ አይደለም። እናታችን ሰኞ ሰኞ ባቲ ትወርድ ነበር። ከቆላ ግመል የሚነዳው አፋር፣ ከደጋ የሚወርደው፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚያ ነው የሚገናኘው፤ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ዘፈኑ እሷን ማታ በር ላይ ስለመጠበቅ ነው። ክራሩን በባቲ ሞክሮት ነበር። «ደስታው በዛብኝ፣ የሚጠብቅ ሰው አልመስልም» ብሎ ወደ አምባሰል ቃኘው።

ከባቲ፦
ባቲ ደስታ ብቻ ነው ያለው ማነው? በሉ ተውት። ግን አምባሰልን አምባና አሰል ብለው ሲከፍሉት ሰምተሻል? «አሰል» በዐረብኛ ማር ነው። የማር አምባ እንደማለት። ስሙ ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ። አልምልም፣ ማሩን ግን በልቻለሁ።

ከደሴ፦
ይኼን ለወንድሜ እነግረዋለሁ። እስከዛሬ አምባሰል የኀዘን ነው ሲለኝ ነበር፣ ማር ሲወጣበት ምን እንደሚል አያለሁ።

«ቃኘ»ን ካነሣን አይቀር፣ ይኼም ሁለት ፊት አለው። ክራር ይቃኛል፤ ጦርም ቀድሞ ልኮ አገሩን ይቃኛል። ወንድሜ ጅማቱን ሲያጠብቅ፣ ጆሮውን ሲያዘነብል፣ ሲያላላ ካያችሁት ሁለቱ አንድ ሥራ ይመስሏችኋል። አድፍጦ ነው የሚፈልገው።

ከአዲስ አበባ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። «በረካ» ሲያልቅ አንድ ነገር ኳ ኳ ይላል። ሆን ተብሎ የገባ ነው?

ከደሴ፦
አይደለም። አያታችን ናቸው፤ ስኒ ወደ ረከቦቱ እየመለሱ። አራት ጊዜ ቀዳው፣ አራቱም ላይ ገቡበት። ተወው።