ለቆየ የጆሮ ጩኸት የኦክስጅን ግፊት ሕክምና ልሞክር ወይ?

ባለወፍጮው (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ያደግሁት በአባቴ ወፍጮ ቤት ነው፤ አሁንም የምሠራው እዚያው ነው። ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮሃሉ። ከጀመረኝ ዓመታት አልፈዋል። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሲውውው የሚል፣ ፋታ የማይሰጥ። ቀን ቀን ወፍጮው ስለሚጮህ አላስተውለውም። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሰው ሲያናግረኝም፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ፣ ቃሉ ይምታታብኛል።

ዱባይ ያለች እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውዬው እንደ በርሜል ያለ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ንጹህ ኦክስጅን በግፊት ይተነፍሳል። ሃይፐርባሪክ ይሉታል። የሕክምና ጉዞ የሚያመቻች አንድ ሰው ደግሞ ውጭ ወስጄ አሳክምሃለሁ፣ ጩኸቱ ይጠፋል ብሎኛል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ቦታ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። እስካሁን የታየሁት ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ጠብታ ሰጡኝ፣ ለውጥ አላየሁም። የሞከረው ወይም የሚያውቅ ካለ ምከሩኝ።

ሲስተር ከጣና ዳር
ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ነርስ ነኝ፤ አንገት በላይ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ቦታህን አትሽጥ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሕክምናው ራሱ እውነተኛ ሕክምና ነው። ግፊቱ ከመደበኛው የአየር ግፊት 2 እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ሆነህ ንጹህ ኦክስጅን ትተነፍሳለህ። ከባሕር ጥልቀት ቶሎ በመውጣት ለሚታመሙ ጠላቂዎች፣ በከሰል ጭስ ለተመረዘ ሰው፣ አልድን ላለ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ይሰጣል። ጤነኛ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢን የሚባለው፣ ድሮም በኦክስጅን የሞላ ነው። ግፊቱ የሚጨምረው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን ነው። የውስጥ ጆሮ ደግሞ የሚመገበው በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ነው፤ እሷ ከደከመች ሌላ መጠባበቂያ የለውም። ለጆሮ ይጠቅም ይሆናል የተባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ጉዳይ ላይ 7 ጥናቶችን መርምሮ ነበር፤ በድምሩ 392 ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። በድንገት መስማት ላቆመና ገና ትኩስ ለሆነ ጆሮ የተወሰነ መሻሻል አይቷል። ለቆየ የመስማት ችግርና ለጆሮ ጩኸት ግን የሚጠቅም ማስረጃ አላገኘም። ያንተ ዓመታት ያለፈው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በድምፅ ብዛት የሞቱት የውስጥ ጆሮ ሴሎች እንደገና አይበቅሉም፤ ኦክስጅን ቢጎርፍላቸውም አይነሱም። ጩኸቱም እየቆየ ሲሄድ የአንጎል ጉዳይ ይሆናል። ከጆሮ ይመጣለት የነበረው ድምፅ ሲቀንስበት አንጎል የራሱን መቀበያ ከፍ ያደርጋል፤ አንተም ያንን ትሰማለህ።

ስለዚህ ይጠፋል ብሎ ቃል የገባልህን ሰው አትመነው። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም አላውቅም።

የዘጌ ልጅ
እኛ ጋ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በዘይት ሞቅ አድርገው ጆሮ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ቡናም ተው ይላሉ። ይሄስ እንዴት ነው?

ሲስተር ከጣና ዳር
ዘይቱ ይቅር። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይጎዳል፤ መቀደዱን ደግሞ ሳያዩ ማወቅ አይቻልም። ቡና መተው ጩኸት እንደሚቀንስ አልታየም። እንቅልፍ ከነሳህ ከሰዓት በኋላ ያለውን ተወው፤ የጠዋቱን ግን በሰላም ጠጣ።

ከፍራንክፈርት
እኔ ገብቼበታለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ጠዋት ስነሳ ግራ ጆሮዬ ጠፍቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ስቴሮይድ የሚባለውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ጀመሩልኝና ጎን ለጎን ወደ ግፊት ክፍሉ ላኩኝ።

ከመግባትህ በፊት ያስለውጡሃል። ጥጥ ልብስ ብቻ ነው። ስልክ፣ ላይተር፣ ቅባት፣ ሽቶ፣ የፀጉር ዘይት ክልክል ነው፤ ኦክስጅን ባለበት ትንሽ ብልጭታ ትልቅ እሳት ነው። እኔ የገባሁበት ብዙ ሰው ተደርድሮ የሚቀመጥበት ነው። በሩ ተዘግቶ ግፊቱ ሲጨምር ክፍሉ ይሞቃል። ጆሮህ ድፍን ይላል፤ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ትነፋለህ፣ ምራቅ ትውጣለህ፣ ቷ ብሎ ይከፈታል። የኛ ግፊት ከመደበኛው 2.4 እጥፍ ነበር፤ ባሕር ውስጥ 14 ሜትር እንደመውረድ ነው። ከዚያ ጭንብል አድርገህ ትተነፍሳለህ፤ በየመሃሉ ጭንብሉን አውልቀህ ለትንሽ ደቂቃ ተራ አየር ትስባለህ። ሲያወርዱት ደግሞ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሞላዋል። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ጆሯቸው አልከፈት ብሎ በሕመም ጮኹ፤ ግፊቱን አቁመው አስወጧቸው።

መስማቴ አብዛኛው ተመልሷል። ግን ስቴሮይዱ ይሁን ኦክስጅኑ፣ ወይስ በራሱ ጊዜ ይሁን የተሻለኝ፣ ሐኪሜም አልለየውም። ጩኸቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። አንተ ልትገባበት የምትፈልገው ለጩኸቱ ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርህም።

ሲስተር ከጣና ዳር
የሴትዮዋ ዓይነቱ ዋናው ጉዳት ነው፤ የጆሮ ግፊት ጉዳት ይባላል። ጆሮ ለማከም ገብቶ ጆሮ ተጎድቶ መውጣት አለ። ለጊዜው እይታ ይደበዝዛል፤ ከስንት አንዴ ደግሞ በኦክስጅን ብዛት የሚጥል ነገር ይመጣል። ሳንባው አየር አፍስሶ ያልታከመ ሰው ጨርሶ አይገባም።

የሐሙሲቷ
ይቅርታ፣ የሰው ጥያቄ መሃል ገባሁ። ስታወሩ አንብቤ ደነገጥኩ። ባለቤቴ ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሲነሳ ቀኝ ጆሮው ድፍን ብሎበታል። ምንም አይሰማበትም፣ ይጮሃል። ጉንፋን መስሎን ዝም ብለን ነበር። ሐሙሲት ነን።

ሲስተር ከጣና ዳር
እህቴ፣ ይሄ የሚያድር ነገር አይደለም። አሁኑኑ መኪና ያዙና ባሕር ዳር ግቡ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ፤ "በድንገት አንድ ጆሮው መስማት አቆመ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ" በሉ። ቀኑን መናገር አትርሱ።

እስከዚያ አንድ ነገር ሞክሩ። አፉን ገጥሞ "እምምም" ይበል። ድምፁ ድፍን ወዳለው ጆሮ ካደላ ኩክ ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ወደ ጤነኛው ካደላ የውስጥ ጆሮ ነው ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ ከመሄድ አትቅሩ። ፊቱ ከተጣመመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የውስጥ ጆሮ ከሆነ ሐኪሙ ስቴሮይድ ሊያዝለት ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጀመር ይመረጣል፣ ሁለት ሳምንት ማለፍ የለበትም። ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ ካለበት፣ ቲቢ ታክሞ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር።

የሐሙሲቷ
"እምም" ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ጤነኛው ይሄዳል አለኝ። ተነስተናል።

ጡረተኛው መምህር
ባለወፍጮው ልጄ፣ እኔም ጆሮዬ ከጮኸ ቆየ። የረዳኝ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ስለ ጩኸቱ ብዬ አልነበረም ያስገባሁት፤ ልጆቼ የሚሉትን ለመስማት ነበር። የውጭው ድምፅ ሲገባ ግን የውስጡ ወደ ኋላ ሄደ። ማታ ደግሞ ጨርሶ ጸጥ ባለ ቤት አልተኛም። ራዲዮኑን ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ። ከጩኸቱ በላይ ካደረግኸው አንተም አትተኛም።

ባለወፍጮው (ጠያቂ)
አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ቦታውን አልሸጥም። እሺ ታዲያ ሆስፒታል ስሄድ ምን ልበል? ደግሞ ወፍጮውን መተው አልችልም፤ እንጀራዬ ነው።

ሲስተር ከጣና ዳር
መጀመሪያ ጆሮህን በመብራት እንዲያዩልህ ጠይቅ። የደረቀ ኩክ ብቻውን ሊያስጮህ ይችላል፤ በክብሪትና በላባ እንዳትነካው። ቀጥሎ የመስማት ምርመራ፣ ኦዲዮሜትሪ የሚባለውን። የሴትና የልጅ ድምፅ ይምታታብኛል ያልከውን እንዳትዘልለው፤ ቀጫጭን ድምፆችን የሚሰማው ክፍል ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጫጫታ ቀድሞ የሚያጠቃው ደግሞ እሱን ነው።

የወሰድካቸውን መድኃኒቶች ንገራቸው። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ ጀንታማይሲን መርፌ፣ ለቲቢ ስትሬፕቶማይሲን፣ አስፕሪን በብዛት፣ እነዚህ ሁሉ ጆሮ ይነካሉ። ደም ግፊትህም ይለካ። ጩኸቱ ከልብ ምትህ ጋር ድው ድው የሚል ከሆነ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ የተለየ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ያንተ ግን ሁለቱም ነው ብለሃል።

እንቅልፍ ከነሳህ፣ ሐሳብ ከያዘህ፣ የሥነ ልቦና ምክር እንዲሰጡህ ጠይቅ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ እብድ ነህ የተባለ ይመስለዋል፤ አይደለም። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል የሚባለው የንግግር ሕክምና ድምፁን ባያጠፋውም፣ ሰው በድምፁ የሚደርስበትን ጭንቀት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ለቆየ ጩኸት ካለን ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው።

የሴፍቲ ባለሙያ
ስለ ወፍጮው እኔ ልመልስ። ለጆሮ የሚፈቀደው በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት መጮህ ካለብህ ከ85 አልፈሃል ብለህ አስብ።

ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ አይበቃም። የግንባታ ሴፍቲ ዕቃ ከሚሸጡበት ሄደህ ጆሮ ላይ የሚደፋውን መከላከያ ግዛ። የስፖንጁን ከመረጥክ በጣትህ አሽተህ ቀጭን አድርገው፣ በሌላ እጅህ የጆሮህን ላይኛ ጫፍ ወደ ላይ ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባውና እስኪነፋ ያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም ማለት ነው። እህል የሚሰፍሩልህን ልጆችም አድርጉ በላቸው፤ እነሱ ገና አልጮኸባቸውም። ቤትህ ስትገባ ግን አውልቀው፤ ጸጥታው ጩኸቱን ያጎላዋል።

የሐሙሲቷ
ደርሰን ተመለስን። ኩክ የለውም አሉ። ብረት ነዝረው ግንባሩ ላይ አድርገው አዩት። የውስጥ ጆሮ ነው ተባለ፤ ስኳሩን ለክተው ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ጀመሩለት። ለመስማት ምርመራ ነገ ቀጥረውታል። ሲስተር፣ እሱስ የኦክስጅኑ ነገር ያስፈልገዋል?

ሲስተር ከጣና ዳር
ተመስገን፣ ቶሎ ደርሳችኋል። ለእሱ ጥያቄው ከባለወፍጮው ይለያል። የአሜሪካ አንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሕመሙ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስቴሮይድ ጋር ደርቦ፣ ስቴሮይዱ ካልሠራ ደግሞ እስከ አንድ ወር ድረስ ኦክስጅኑን መስጠት ይቻላል ይላል። ግዴታ ግን አላደረገውም። የያዛችሁትን መድኃኒት አቋርጣችሁ ለእሱ ስትሉ አገር እንዳትለቁ። መስማቱ በስቴሮይዱ ካልተመለሰ በታምቡሩ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ አለ፤ ሕመሙ ከጀመረ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ነገ ሐኪሙን ስለ እሱ ጠይቁ። ክኒኑን ጠዋት ከምግብ በኋላ ይዋጥ፣ በራሱ እንዳያቆም። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንሺና አስቀምጪ፤ ሁለተኛው ምርመራ ሲመጣ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።